አባባ ያልሮጡበት ወደብ

ይድረስ ለእትዬ ኤሴታ፣ ኦክላንድ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ ካለፈ ወዲህ ደረጃው ቀለል አለሽ ወይስ አሁንም በጎንሽ እየተንፏቀቅሽ ነው የምትወርጂው? ኢያኮፖ ያን ሳሉን ታከመ? ሲሊፋስ እንዴት ናት? ልጆቿስ አደጉ? ሁሉንም በየስማቸው እየጠራሁ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ግን ጣቶቼ ብዕር መያዝ እየሰለቻቸው ነውና በአንድነት እንደምን ናችሁ ልበልና ልለፍ። እኛ ደህና ነን። አባባ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቆጣሉ። እኔም አለሁ። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አረጀ እንጂ አለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን መስመሩ የሚሰማው ሱቁ አጠገብ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እዚያ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል። አንቺም ሳልጨርስ ታለቅሻለሽ። ስለዚህ የወንድማችን ሚስት የሎሳ እህት ሐሙስ ወደ እናንተ ስለምትበር በእጇ ትያዝልኝ ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው እሑድ የተቆጣሽኝን አልረሳሁም። “ሠላሳ ዓመት ለደከምሽበት ነገር ሊያከብሩሽ ሲጠሩሽ፣ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ የሽማግሌ ሽርጥ ታጥቢያለሽ?” አልሽኝ። እውነትሽን ነው። በኅዳር ወር የመጀመሪያ ፊልሜን አድሰው በትልቁ ቲያትር ቤት ሊያሳዩት፣ እኔንም መድረክ ላይ ሊያቆሙኝ አስበዋል። የማልመጣበትን ምክንያት ግን ያን ቀን በአፌ መናገር አልቻልኩም። ሰሞኑን እዚህ የሆነውን ከሰማሽ በኋላ ፍረጂኝ።

ከግብዣው ጋር የላኩት ወረቀት ሕይወቴን በአሥር መስመር ጨርሶታል። “በፓስፊክ ደሴቶች እንደ እርሷ ስላሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ፊልም የሠራች፣ ለተከታዮቿ መንገድ የጠረገች” ይላል። ሳነበው የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ። ስለ አንቺ ወጥ ቤት አንድ ቃል የለውም። በ1974 ደጃፍሽ ላይ ስቆም ዕድሜዬ አሥራ ስምንት፣ ሻንጣዬ የሩዝ ጆንያ እንደ ነበር አይልም። በዚያች የፖንሰንቢ ሰፈር ቤት አሥራ አንድ ሆነን ስንተኛ፣ አንቺ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥቢ፣ እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ፤ ፖሊስ ጎህ ሳይቀድ በር እየደበደበ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን በሚለቅምበት ዘመን እኔን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽ፣ በሩ ላይ ቆመሽ “እዚህ ከእኔና ከጌታ በቀር ማንም የለም” ብለሽ ነበር። ከኋላሽ ዘጠኝ ሰው ያንኮራፋ ነበር እኮ!

ከዚያ የፊልም ማጠቢያው ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆንኩ። ከወለሉ የምጠርገውን ቁራጭ ፊልም ሁሉ ከመጣሌ በፊት ወደ መብራት አንሥቼ አየው ነበር። ኖኤሊንን ታስታውሻታለሽ? ፊልም የምትቆርጠውና የምትቀጥለው፣ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ አሮጊት ፈረንጅ። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥታ “መስረቅህ ካልቀረ በደንብ ስረቅ፤ ና ቁጭ በል” አለችኝ። ሲሰነብት “ቁጭ በይ” ማለት ለመደች። ሦስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ተማርኩ። የሥራ ቤቱን ካሜራ ቅዳሜና እሑድ የምታስወጣልኝም እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ልሠራው የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የማኑን ታሪክ። ለፈረንጅ ጋዜጠኞች ስንት ጊዜ አስረዳሁ መሰለሽ፦ ማኑ የአባቴ ታላቅ ናት፤ እንደ እኔው ፋፋፊኔ ናት፤ ፋፋፊኔ ማለት ወንድ ሆና ተወልዳ በሴት ወግ ያደገች፣ ቤት የምታቀና፣ ሕፃን የምታሳድግ፣ ሽማግሌ የምትጦር ማለት ነው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አባቴ በ1961 የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲሆን ፓስተሩ “ይህ ፀጉሩን ያስረዘመ ሰው ከቤትህ ካልወጣ አይሆንም” አሉት፤ አባቴም ሹመቱን መረጠ። እንደ ሄደች ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንዴት እንደ ሄደች ግን የሚነግረን አልነበረም።

እኔ ግን አስታውሳለሁ ብዬ አምን ነበር። አምስት ዓመቴ ነበር። በዓይኔ የሚታየኝ ወደብ ነው፤ ማኑ ጀልባው ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ አባባ ይቅርታ የሚጠየቅበትን የክብር ሰሌን ተሸክመው “ቆዪ!” እያሉ በድንጋዩ ላይ ይሮጣሉ፣ ጀልባው ጥሏቸው ይሄዳል። የፊልሙን መጨረሻ ይህን አደረግሁት። እዚያው ኦክላንድ፣ ኦኔሁንጋ ወደብ ላይ በአንድ ዝናባማ እሑድ ቀረጽነው። ዳሊያ፣ ያቺ የካራንጋሃፔ መንገድ ዘፋኝ፣ ማኑን ሆና አለቀሰች። አንቺ ደግሞ በገዛ ወጥ ቤትሽ ጎደሬ የምትልጠውን ጎረቤት ሆንሽልኝ።

በ1984 ሲታይ ግማሹ ሰው አቋርጦ እንደ ወጣ ታውቂያለሽ። የዳሊያ ጓደኞች ግን ረጃጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ፊት መደዳ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ከዓመት በኋላ የእኛን ሰዎች ኑሮ ወንጀል የሚያደርገው ሕግ ይሻር አይሻር ተብሎ አገሩ ሲታመስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጠረጴዛ አውጥታ “አይሻር” የሚል ፊርማ ሰበሰበች። አንቺም ፈርመሻል። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ሾርባ ይዘሽልኝ መጣሽ። ሁለቱንም ስታደርጊ ያው አንድ ሰው እንደ ነበርሽ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ፊልሙ በርሊን ሄደ፣ አሜሪካ ሄደ፣ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። አራት ሌሎች ሠራሁ። ሁለተኛው፣ በቄራ ስለሚሠሩት ሁለት ወንዶች፣ እኔ ከሁሉ የምወደው ነው፤ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሦስተኛው ከንዴት የወጣ ነው፤ ዳሊያ በዚያ በኤድስ በሽታ እጄ ላይ ስትሞት ቤተሰቦቿ ፀጉሯን ቆርጠው በወንድ ሱፍ ቀበሯት። ዛሬ ወጣቶቹ “መንገድ ጠራጊያችን” ይሉኛል። ለመንገድ ጠራጊ የሚተርፈው አቧራው ነው። በሄድኩበት ሁሉ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ወደቡ ነበር። “እውነት እንዲህ ሆኗል?” ይሉኛል። “በዓይኔ ያየሁት ነው” እላለሁ።

ያ የመጀመሪያው ፊልም እዚህ መንደር የደረሰው በቪዲዮ ካሴት ነው። በጄኔሬተር በሱቁ ውስጥ ሲታይ፣ አባባ ወደቡ ጋ ሲደርስ ተነሥተው እንደ ወጡ ነገሩን። ሳምንት ሳይሞላ በወንድማችን በኢዮሱአ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ መጣልኝ፤ “አባባ በሕይወት እስካሉ ይህን ግቢ አትርገጥ” የሚል። እማማ በ1998 ስትሞት እንኳ አልተፈቀደልኝም፤ አንቺ ነሽ ከመቃብሯ ላይ አንድ ጠጠር ያመጣሽልኝ። የተቆጡት ፋፋፊኔ ሆኜ አልነበረም፤ በዚህስ ከዚያ ፓስተር ወዲህ የሚቆጣ ሰው የለም፤ መንደሩ ሙሉ አለን፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱንም የዳንሱንም ሥራ የምንሠራው እኛ ነን። ያስቆጣቸው የቤተሰብ ገመና አውጥቼ በፈረንጅ ግድግዳ ላይ ማስጣቴ ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። በከፊል እውነት ነበር፤ እጽናናበትም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሎሳ “ከእንግዲህ አባባን ብቻዬን ማንሣት አልቻልኩም” ብላ ስትደውልልሽ፣ አንቺ የታመመ ጉልበትሽን፣ እኔ ያልታመመ ጉልበቴን አይተን እኔ መጣሁ። ስኳሩ ዓይናቸውንም አንድ እግራቸውንም ወስዶታል። ገና ከደጃፍ ስገባ “ይሄ ማነው እንደ ወይዘሮ የሚራመደው?” አሉ። ሎሳ “ፊለሞኒ ነው” ስትላቸው “ታዲያ ቆሞ ከሚያየኝ ውሃ አያቀብለኝም?” አሉ። ይኸው ነው የታረቅነው። ከዚያ ወዲህ አጥባቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ መርፌያቸውን እወጋቸዋለሁ። ስለ ፊልም አንድ ቀን አንስተን አናውቅም።

ባለፈው ወር ፊልሙን ካደሰው የፊልም ማኅደር ዲስክ ያለበት ጥቅል መጣ። ሎሳ ከእኔ ቀድማ ከፈተችው። ዲስኩን እያገላበጠች “ቤተሰቡን ሠላሳ ዓመት ያጣላው ይሄ ነው? ቀላል ነው እኮ” አለች። በማግስቱ የሴቶች ማኅበሩ ሁሉ አወቀ። ሰብሳቢያቸው ፉአቲኖ ከጓሮ በኩል መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች። “በርሊን ያየውን እኛ የማኑ ጎረቤቶች የማናየው ምን በድለን ነው? አንቺ ሞኒ፣ ለፈረንጅ የምትበትኚውን ለእኛ ትሰስቻለሽ?” አለችኝ።

ኢዮሱአ ሰምቶ ከማሳው ቆንጨራውን እንደ ያዘ መጣ። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ማሳ ስለ ነበረ ነው፤ አያያዙ ግን አያምርም ነበር። “ፊለሞኒ፣ አንድ ጊዜ አዋርደኸናል። አሁን ደግሞ በገዛ መንደራችን፣ በገዛ አንሶላችን ላይ ልታዋርደን ነው? የቤተሰቡን የአለቅነት ማዕረግ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አይሆንም ብያለሁ” አለ።

አባባ ከአጎበራቸው ውስጥ “እኔ አየዋለሁ” አሉ።

“አባባ፣ ዓይንዎ አያይም እኮ” አለ ኢዮሱአ።

“የጠፋው ዓይኔ ነው። የፊለሞኒ አፍ መቼ ጠፋ? ይነግረኛል።”

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት የሰሌን መጋረጃዎቹን አወረድን፣ አንሶላ ወጠርን፣ አስተማሪዋ ኮምፒውተሯን አመጣች። የሎሳ ሁለት ጎረምሶች አባባን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ሲያመጧቸው “አያቴ፣ ከባለፈው ሳምንት ቀለሉ” ቢሏቸው “እግሬን ላስመጣላችሁ?” ብለው መለሱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስንት አገር ስለ ፊልም ንግግር አድርጌአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ግን የለም።

ከጆሯቸው ሥር ተቀምጬ እነግራቸው ጀመር። “አሁን ምን ይታያል?” ይላሉ። “እጅ፣ አባባ። ጎደሬ የሚልጥ እጅ።” “የማን?” “የኤሴታ።” “ላጡን ታወፍራለች፤ ታባክናለች” አሉ። ፉአቲኖ ደግሞ ከወዲያ “ወይኔ የኤሴታ ወገብ! ያኔ እንዲህ ነበር?” ብላ ጮኸች። እትዬ፣ ሴቶቹ ለአንቺ ያጨበጨቡትን ያህል ለማንም ተዋናይ አላጨበጨቡም። ዳሊያን ሲያዩ ግን ወደ አንሶላው ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዷ አሮጊት “አረማመዷ የማኑ ነው” አለች። ዳሊያ ማኑን አይታት አታውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የማስታውሰውን ያህል ያስተማርኳት። እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

“አሁንስ?” አሉ አባባ።

“ወደብ ነው። ማኑ ጀልባው ላይ ቆማለች። ታለቅሳለች።”

ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

“ከዳር አንድ ሰው ይሮጣል። ሰሌን ተሸክሟል። እርስዎ ነዎት።”

“ይደርሳል?”

“አይደርስም፣ አባባ።”

“አስቁመው” አሉ።

አስተማሪዋ አስቆመችው። የዳሊያ ፊት እንባው እንደ ተንጠለጠለ አንሶላው ላይ ቀረ። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና “ይህን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?” አሉኝ። “አስታውሳለሁ እኮ አባባ፤ ወደቡ ላይ ነበርኩ” አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። “አልነበርክም። ትኩሳት ይዞህ ቤታችን ውስጥ ተኝተህ ነበር፤ የማኑን ሽርጥ ተከናንበህ። ወደብ የሄደ ሰው የለም። እኔም አልሄድኩም።”

ከዚያ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ቃላቸውን መቀነስም መጨመርም አልፈልግም። “ቅዳሜ ነበር” አሉ። “በማግስቱ ሽማግሌ ሆኜ መጀመሪያ የምቆምበት ቀን ነው። ማኑ ነጭ ኮቴን አጥቦ በከሰል ካውያ ተኮሰልኝ። ሰቀለው። ‘ኮሌታው ገና እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ሳይነካው እንዳትለብሰው’ አለኝ። ሰሌን የሚባል አልነበረም። አላለቀሰም። እንዲያውም ለልጆቹ ቀልድ ነግሯቸው ነው የወጣው። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። እስከ መታጠፊያው ድረስ ጀርባው ይታየኝ ነበር። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም። ኮቱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። እሑድ ለበስኩት።”

ኢዮሱአ አልገባም ብሎ ውጭ ምሰሶው ሥር ቆሞ እንደ ነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በመጋረጃው ክፍተት እግሮቹ ይታያሉ።

“ካሴቱን ያየን ቀን” ቀጠሉ አባባ፤ “ሰው ሁሉ የሮጠ ወንድም አየ። በማግስቱ በመንገድ ላይ እጄን ይዘው ‘አይዞህ፣ ሞክረሃል’ የሚሉኝ ነበሩ። እኔ አልሮጥኩም። አንተ ግን አስሮጥከኝ። ክፉ አድርገህ ብትሠራኝ ኖሮ መጥቼ በዱላ እመታህና ይወጣልኝ ነበር። ደግ አደረግኸኝ። ታዲያ በምን ዓይኔ ልይህ?”

ፉአቲኖ ቀስ ብላ ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። “እጅዎን ከያዙት አንዷ እኔ ነበርኩ” አለች። “አሁን ምን ላድርግ፣ ልልቀቀው?” ብላ መልሳ ያዘችው። አባባ እጃቸውን አልነጠቁም። ቀጥለውም ማኑ ወደ አሜሪካ ሳሞአ፣ ፓንጎ ፓንጎ ሄዳ በቱና ዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ እንደ ሠራች፣ በ1969 እንደ ሞተች፣ እዚያ ያሉ ጓደኞቿ እንደ ቀበሯት፣ መርዶው ደርሷቸው ለእማማ እንኳ ሳይነግሩ እንደ ኖሩ ተናገሩ። ፊልሙን ማንም “ቀጥዪው” አላለም። የቀረው አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር።

እትዬ፣ እኔ በዚያ ትዕይንት ነው የኖርኩት። እንጀራዬ እሱ ነው፣ ስሜ እሱ ነው። ቤት ገብቼ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ለማልቀስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም፤ እንቅልፍ ብቻ መጣብኝ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ “ያየሁት ነው” ስል የኖርኩት የትኩሳት ቅዠት ነው? ወይስ አባቴ ሮጦ ቢሆን ኖሮ ብሎ ልቤ የፈጠረው? እንግዲህ የሚፈታው የለም። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ስለ ውርደት ተቆጥተውብኛል ያልኩት ሰው ያሳደደኝ ስላዘንኩለት ነበር።

በማግስቱ አባባ ኢዮሱአን አስጠርተው “ለማኑ ከእናትህ መቃብር አጠገብ ድንጋይ አቁምለት” አሉ። ኢዮሱአ “አጽሙ በሌለበት? ፓስተሩስ ምን ይላሉ?” ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት የአካፋ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ከባሕር ዳር በጆንያ ያመጣውን አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር ብቻውን ያቦካል። ውሃ አቀበልኩት። ሲጨርስ ሚስማር አነሣና “ስሙን እንዴት ብዬ ልጻፍ? ማኑዌሌ?” አለኝ። አባባን ጠየቅሁለት። “ማኑ ብቻ” አሉ። ኢዮሱአ ጻፈ፤ ሁለተኛው ፊደል ትንሽ ተጣመመበትና በአውራ ጣቱ አስተካከለው። ከዚያ ቀና ሳይል “በኅዳር ሂጂ፤ አባባን እኔ አገላብጣቸዋለሁ። እህቴ አይደለሽ?” አለኝ። በእኛ ወግ ወንድም የእህቱን ነገር እንደ ኪዳን ነው የሚይዘው፤ ይህን ቃል ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ከሰዓት አባባን ሳጥባቸው “ሞኒ፣ ደከመሽ አይደል?” አሉኝ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ለእሳቸው ፊለሞኒ ነበርኩ። “ደከመኝ አባባ” አልኩ። “እኔም” አሉ።

እንግዲህ የማልመጣው ለዚህ ነው። ኩርፊያ አይደለም፤ ኢዮሱአም አልከለከለኝም። አባባ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስለ ማኑ አንድ አንድ ነገር ያነሣሉ። ትናንት እንዴት እንደምትዋኝ ነገሩኝ፤ ዛሬ የምትፈራው ነገር መቶ እግር ብቻ እንደ ነበር። የአስተማሪዋ ልጅ “በስልኬ ልቅረጻቸው?” አለችኝ፤ እንቢ አልኳት። እንዲሁ አጠገባቸው ተጋድሜ እሰማለሁ። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ሳላስብ ሰው ፊት መቀመጥ ለእኔ አዲስ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ እትዬ። አንቺ ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ትኩሳቴን ያበረድሽልኝ አንቺ ነሽ ብለውኛል አባባ። ወደብ እንዳልሄድኩ ታውቂ ነበር። ኦኔሁንጋ በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዘሽልኝ ቆመሽ፣ ያ ተዋናይ ሰሌን ተሸክሞ ሲሮጥ ስታዪ፣ ለምን ዝም አልሽ? ስንት ቀን አሰብኩት። አንዳንዴ ሥራዬን ላለማፍረስ ብለሽ ይመስለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንቺም ሲሮጡ ማየት አምሮሽ ይሆናል እላለሁ። አልቀየምኩሽም። ስትችይ ብቻ ጻፊልኝ፤ በስልክ አይሁን።

በኅዳር መድረኩ ላይ በእኔ ፈንታ አንቺ ቁሚ። ለማኅደሩ ሰዎች ጽፌላቸዋለሁ። ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ፤ ሲሊፋ ደረጃውን ትደግፍሽ። “እህቴ አባታችንን እየጦረች ነው፤ ታመሰግናለች” ካልሽ ይበቃል። ፊልሙን ቆርጬ አላስተካክለውም፤ ማኑ ታልቅስ፣ ሰውዬውም ይሩጥ። ስለ ወደቡ የሚጠይቅሽ አይጠፋም፤ እውነት ነው ወይ ሲሉሽ ፈገግ በይና እለፊያቸው። የኮሌታውን ነገር ግን እንዳትነግሪያቸው። አንዷን ማኑ ለእነሱ ሰጥቻለሁ፤ ይቺኛዋ የእኛ ትሁን።

ኢያኮፖን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ሲሊፋን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ልጆቿንም አንድ በአንድ፣ ታናሺቱን ደግሞ ደጋግመሽ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች፣ ለሚያስታውሱኝም ለማያስታውሱኝም፣ ሰላምታዬ ይድረስ። ከዚህ ሎሳ፣ ጎረምሶቿ፣ ፉአቲኖና ማኅበሩ በሙሉ ሰላም ብለውሻል። ኢዮሱአ “ኤሴታ ለገና ትምጣ፤ አሳማዋ ወፍራለች” ይላል። አባባ ጉልበትሽን በኮኮናት ዘይት አሺው ብለዋል፤ ሲነጋና ሲመሽ እንደሚጸልዩልሽም ጻፊላት ብለውኛል።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣
ሞኒ

ቫይሎሎ፣ ሳቫኢ ደሴት፣ ሳሞአ
ጥቅምት 18 ቀን 2016